ጥርስ ያወጣችው መስመር

መስከረም 9

ውድ ለቃሚዬ፣

ይህች ወረቀት ከነጉልበትሽ፣ ከነዓይንሽ በደኅና እንድታገኝሽ እመኛለሁ። እኔ ደኅና ነኝ።

ጡረታ ከወጣሁ አምስት ወር ሆነኝ። "አሁን ምን እየሠራህ ነው?" የሚለኝ ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚጠይቀኝ፤ ሰው የሞተብኝ ይመስል። ለአንቺ እውነቱን ልንገርሽ። ሥዕል እየሣልኩ ነው። አትሳቂ። እናትሽ ብትኖር "ይሄ ሰውዬ በመጨረሻ ለየለት" ትል ነበር።

እንዴት መሰለሽ፤ የሳሎኑ ጣሪያ ላይ ሁለት መንጠቆ መታሁ። ከየመንጠቆው አንድ አንድ ገመድ ወርዶ መሐል ላይ ይገናኛል። ከመገናኛቸው በታች የቲማቲም ቆርቆሮ ተንጠልጥሏል፤ ቂጡ በቀጭን ምስማር ተበስቷል፤ ውስጡ ውኃ የበዛበት ቀለም አለ። ወለሉ ላይ የአልጋ አንሶላ የሚያህል ወረቀት ዘርግቻለሁ። ቆርቆሮው ከጎን ሲለቀቅ መጀመሪያ ትልቅ ሞላላ ይሥላል፤ ቀጥሎ ትንሽ ያነሰ፤ ቀጥሎ ከዚያም ያነሰ፤ እንዲህ እያለ መሐል ደርሶ ዝም ይላል። ስበት ይጎትተዋል፣ አየር ያደክመዋል፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። አርባ ዓመት በቁጥር ስጽፈው የኖርኩት ነገር ነው። ቁጥሩ እንዲህ እንደሚያምር ግን ማንም አልነገረኝም።

ታች ቤት ያለው ጎረቤቴ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው። የመጀመሪያው ቀን ቀለሙ በወለሉ ስንጥቅ ሾልኮ ምሳው ላይ ጠብ ሲልበት በሬን ሊሰብር መጣ። ገብቶ ሥዕሉን ሲያይ ጫማውን አወለቀ።

"ዶክተር፣ ይሄ ነገር መሪ የለውም?" አለኝ።

"የለውም።"

"እኔ ሠላሳ ዓመት መሪ ይዤ እንዲህ አሳምሬ ዞሬ አላውቅም።"

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ይመጣል። ፎቶ ልኬልሻለሁ፤ ዓይንሽ ምን እንዳለ ጻፊልኝ። የቸገረሽ ነገር ካለም አትደብቂኝ።

የእናትሽ የአክስት ልጅ፣ ጋሼሽ


ጥቅምት 2

የተከበሩ ጋሼ፣

ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ፀጉርዎ እንደምን አሉልኝ? እኔም የስፌት ቤቱ ሰዎችም ደኅና ነን። የታመመችው መኪናዬ ብቻ ናት፤ ፔዳሏን በረገጥኩ ቁጥር ታስነጥሳለች።

ፎቶውን ሳየው እጄን በላኝ። ሌላ ምን እንደምል አላውቅም። አለቃችን በትከሻዬ ላይ አጮልቃ አየችና "የሽንኩርት ቅርፊት ነው?" አለችኝ። "ፊዚክስ ነው" አልኳት። "እሱን ነው እንዴ ሰውዬው አርባ ዓመት የተማረው?" ብላ ሄደች። ጥቂት ቆይታ ግን ተመልሳ መጥታ፣ ሌላ ነገር የምትፈልግ መስላ እንደገና አየችው። እሷን አውቃታለሁ፤ ወድዳዋለች።

ጋሼ፣ ልጥለፈው። ጥቁር ሰማያዊ ጨርቅ ላይ በነጭ ክር። ዩኒፎርምና ዚፕ ስሰፋ እውላለሁ፤ ምሳ ሰዓት ግን የራሴ ናት። የቸገረሽ ካለ ላሉኝ፣ ገንዘብ አልቸገረኝም። የምጠይቅዎት የድሮውን ነው፤ የጣሉትን ወረቀት ይላኩልኝ። የተበላሸውን፣ የተሞከረውን፣ ቅርጫት ውስጥ ያለውን።

ያስታውሱ ይሆን፣ ተማሪ ሳሉ እኛ ቤት የጓሮዋ ክፍል ውስጥ ሲኖሩ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ትምህርት ቤት የሚልከኝ አልተገኘም፤ ቤት መጥረግ ግን የእኔ ሥራ ነበር። እርስዎ ጨምድደው የሚወረውሩትን ወረቀት እየለቀምኩ፣ ጉልበቴ ላይ እያቃናሁ ፊደል ለየሁ። "ለቃሚዋ" ያሉኝ ያኔ ነው። ሰው ሲጠራኝ የምወደው ስም እሱ ብቻ ነው።

ፈጣሪ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ።

ለቃሚዎ


ጥቅምት 28

ውድ ለቃሚዬ፣

ጣቶችሽ ይባረኩ፤ መኪናሽም ምሕረት ታግኝ። እኔ ደኅና ነኝ።

ደብዳቤሽን ለሾፌሩ አነበብኩለት። የሽንኩርቷ ነገር ላይ ስደርስ ሳል እስኪይዘው ሳቀ። አለቃሽን ሰላም በያት ብሎሻል፤ እንደዚህ የምትናገር ሴት አውቶቡሱ ውስጥ ብትኖር መንገዱ ያጥር ነበር አለ።

ሥዕሉን እንዳለ ልልክልሽ አልቻልኩም፤ ቀለሙ ደረቅ ስለሆነ ሲታጠፍ ይሰነጣጠቃል። ስለዚህ ስስ ወረቀት ደርቤበት፣ መስመሮቹን በእርሳስ እየተከተልኩ አንድ በአንድ ገለበጥኳቸው። ሃያ ሰባት ዙር ናቸው። አንድ ሳምንት ፈጀብኝ። ከውጭ ጀምሬ ወደ ውስጥ ነው የሄድኩት።

አንድ ነገር ላጫውትሽ፤ ይህንን የሚያውቁት የሙያዬ ሰዎች ብቻ ናቸው። ቆርቆሮውን በእጅ አንለቅም። እጅ ሲለቅ ሳያውቀው ይገፋል፤ ያቺ ትንሽ ግፊት ሥዕሉን ሁሉ ታበላሻለች። ስለዚህ ቆርቆሮውን በክር ወደ ጎን ስበን ግድግዳው ላይ ካለ ምስማር ጋር እናስረዋለን። ውዝዋዜው ሁሉ ጸጥ እስኪል እንጠብቃለን። ከዚያ ክሩን በክብሪት እናቃጥለዋለን። እሳት ማንንም አይገፋም። ክሩ ሲበጠስ ቆርቆሮው ማንም ሳይነካው ይሄዳል።

ክብሪቱን የሚጭረው ሾፌሩ ነው። ደስ ስለሚለው ትቼለታለሁ።

የተጨማደዱትንም ወረቀቶች ጨምሬልሻለሁ። አንቺ እያለሽ ቅርጫት አያስፈልገኝም።

ጋሼሽ


ታኅሣሥ 6

የተከበሩ ጋሼ፣

ቤትዎም ጎረቤትዎም ሰላም ይሁን። ጥቅሉ ሳይረጥብ፣ ሳይቀደድ ደረሰኝ። የተጨማደዱትን በካውያ ተኩሼ ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ሥራዬን ላስረዳዎት። ስሱን ወረቀት እንደ ወንፊት በመርፌ እበሳዋለሁ፤ መስመሩን ሳልለቅ፣ ነጥብ በነጥብ። ከዚያ ጨርቁ ላይ አስተኝቼ፣ የተፈጨ ጠመኔ በእራፊ ቋጥሬ አሸዋለሁ። ወረቀቱ ሲነሳ ሃያ ሰባቱ ዙር ሰማያዊው ጨርቅ ላይ በነጭ ነጥብ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ያለው ክርና ትዕግሥት ነው። አሁን አምስተኛው ዙር ላይ ነኝ።

አንድ ጥያቄ አለኝ። መስመሮቹ ለስላሳ አይደሉም። ቀረብ ብሎ ላያቸው እንደ ትንሽ መጋዝ ጥርስ ጥርስ አላቸው፤ ከላይ በስተግራ በኩል ይብሳል። ነፋስ ነው? ወይስ የቆርቆሮው ቀዳዳ ቀለሙን እያንጠባጠበ ነው? አንዷንም ጥርስ አልዘለልኩም። እያንዳንዷን በሁለት ሦስት ስፌት አወጣኋት፤ ሥራው እጥፍ ረዘመ፤ ቢሆንም የእርስዎ ልኬት ነውና እኔ ማን ነኝ የማቃናው?

አለቃችን ትናንት መነፅሯን አድርጋ ጎንበስ አለችና "ይሄ መስመር ጠጥቶ ነው የወጣው?" አለች።

"እትዬ፣ ሳይንስ ነው።"

"ሳይንስም ቢሆን ቀጥ ብሎ ይሂድ እንጂ! እኔ እንዲህ የሰፋ ሠራተኛ አባርራለሁ።"

"ሰውየው ጡረታ ወጥተዋል" አልኳት። ዝም አሰኘኋት፤ እንዲህ ያለ ዕድል በዓመት አንዴ ነው የማገኘው።

የጥርሱን ነገር ይንገሩኝ፤ አለዚያ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ለቃሚዎ


ጥር 20
(በኮምፒውተር የተጻፈ)

ውድ ለቃሚዬ፣

ጤናሽ እንደምነው? እኔ ደኅና ነኝ።

ደስ የሚል ዜና አለኝ። የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ የረጅሙን ኮሪደር ግድግዳ ለሥዕሎቼ ፈቀደልኝ። ትዕይንቱ ሰኔ 20 ቀን ይከፈታል። አብረውኝ የሠሩት ሁሉ ይጋበዛሉ። መሐለኛው ቦታ ለአንቺ ጥልፍ ነው፤ ከሥሩም ማን እንደጠለፈው ይጻፋል። ጠርዙን አራት ጣት ያህል ትርፍ ተዪለት፤ እንጨት ላይ ይወጠራል።

ሾፌሩ ሰላም ብሎሻል።

ጋሼሽ


የካቲት 11

የተከበሩ ጋሼ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ስለ ኮሪደሩ እንኳን ደስ ያለዎት። ወሬውን ስነግራት አለቃችን የስፌት ቤቱን አድራሻ ከስሜ ሥር ያጽፉልኝ ብላለች። ተዉት፤ ቀልዷን ነው። ግማሹን ቀልዷን ነው።

ጥልፉን ትናንት ጨረስኩ። የመጨረሻው ዙር ከጥፍሬ አይበልጥም፤ ጥርሶቹ ግን እዚያ ከሁሉም ይበልጥ ጎልተዋል፤ ለአንዷ ነቁጥ ሦስት ቀን ፈጀሁ። ዛሬ በፖስታ ልኬዋለሁ። አራት ጣት ትርፍ አለው።

ጋሼ፣ አይቀየሙኝ እንጂ ደብዳቤዎ በማሽን ተጽፎ ሲመጣ ደነገጥኩ። በማሽን የተጻፈ ወረቀት የሚመጣልኝ ከውኃ መሥሪያ ቤት ነው፤ ያውም ሊዘጉብኝ ሲሉ። ፖስታውን ከመክፈቴ በፊት ባልዲ ልሞላ ነበር። ሥራ ስለበዛብዎት ይሆናል። ኮምፒውተር ያለው ሰው በእጁ አይደክምም፤ ይገባኛል።

ደግሞ የጠየቅኩዎትን ሁሉ መልሰዋል፤ የጥርሱን ብቻ ዘለሉት።

ለቃሚዎ


ሚያዝያ 3

የተከበሩ ጋሼ፣

ባሉበት ደኅና ይዋሉልኝ። ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ጥቅሉ ጠፍቶ ይሆን? ፖስታ ቤት ሄጄ ጠየቅኩ፤ ልጅቷ መዝገቡን ገልብጣ "የካቲት መጨረሻ ላይ ተቀባዩ ፈርመው ወስደዋል" አለችኝ። ከደረሰዎት ደረሰኝ ይበሉኝ። ካልወደዱትም አልወደድኩትም ይበሉኝ፤ እኔ ከአለቃዬ ጋር የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የማልሰማው ነገር የለም።

ብቻ አይታመሙብኝ።

ለቃሚዎ


ሚያዝያ 27
(በኮምፒውተር የተጻፈ)

ውድ ለቃሚዬ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ። እኔ ደኅና ነኝ።

ጥልፉ ደርሶኛል። እንዲህ ያለ ሥራ በሕይወቴ አላየሁም፤ ይህን ከልቤ ነው የምልሽ። ነገር ግን እንዳለ ሊሰቀል አይችልም። ጥርስ ያልሻቸው ነገሮች የሥዕሉ አይደሉም። ስገለብጥ የተፈጠሩ ስህተቶች ናቸው። ለአንቺ ሳልነግርሽ በመቅረቴ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ጨርቁን ከዚህ ደብዳቤ ጋር መልሼልሻለሁ። ጥርስ ያለበትን ክር ፈትተሽ መስመሮቹን አለስልሺልኝ። አብረውኝ የሠሩት ሰዎች ዓይናቸው ክፉ ነው፤ የፀጉር ቅንጣት የምታህል መዛነፍ አታመልጣቸውም። እስከ ሰኔ 20 ካልደረሰልሽ አትጨነቂ፤ ትዕይንቱ ይቅርብኝ ብዬ እነግራቸዋለሁ። የሚጎዳ ሰው የለም።

ጋሼሽ


ግንቦት 16

የተከበሩ ጋሼ፣

እግዜር በጤና ያቆይልኝ፤ ዛሬ ይህን የምለው እንደ ሰላምታ አይደለም።

ጨርቁ ትናንት ደረሰኝ። ሌሎቹ ምሳ ሲወጡ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው መፍቻ መቀሴን አነሳሁ። የትኛው ጥርስ እንደሚፈታ ለማወቅ መጀመሪያ የላኩልኝን ፎቶ በማጉያ መነፅር አየሁት። ፎቶው ላይ አንድም ጥርስ የለም። ቀለሙ እንደ ቅቤ ነው የፈሰሰው። ስሱ ወረቀት ላይ ግን ጥርስ አለ። ነፋስ ቢሆን እንዲህ እኩል እኩል አይነፍስም፤ በአራት ስፌት አንድ፣ በአራት ስፌት አንድ ነው። በቀለሙና በወረቀቱ መካከል ያለው የእርስዎ እጅ ብቻ ነው።

መቀሱን አስቀምጬ ቤት ሮጥኩ። የደብዳቤዎችዎን ሣጥን ተሸክሜ ተመለስኩና በየዓመቱ ደረደርኳቸው፤ ጠረጴዛው አልበቃ ብሎኝ ያለቁትን ዩኒፎርሞች ወለል ላይ አወረድኩ። የዛሬ ስምንት ዓመት የጻፉት ፊደል እግሩ እንደ ቱምቢ ቀጥ ብሎ ይወርዳል። የዛሬ ሁለት ዓመት መንገድ ላይ ይደናቀፍ ጀመር። ባለፈው ጥቅምት እያንዳንዱ እግር ጥርስ አለው። ከጥር ጀምሮ የእጅ ፊደል የለም፤ ማሽን ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነባቸው ይኸው ዓይኔ ሥር ነበር።

ክብሪቱን ሾፌሩ ለምን እንደሚጭርም ያኔ ገባኝ።

አለቃችን ከምሳ ስትመለስ ልብሶቿን ወለል ላይ አይታ ልትጮህ አፏን ከፈተች። ደብዳቤዎቹን አየች፣ ፊቴን አየች፣ ልብሶቹን አንድ በአንድ አንስታ አጣጠፈች። እሷ መሆኗን ተጠራጠርኩ።

ጋሼ፣ አራት ወር ሙሉ ሕመምዎን በነጭ ክር ጠልፌ፣ አሳምሬ፣ ስጦታ ነው ብዬ ልኬልዎታለሁ። እንዴት ብለው እንዳዩት ሳስበው ፊቴን የማደርግበት አጣለሁ። ግን ሌላ ማድረግ አልችልም ነበር። ያስታውሱ እንደሆነ፣ ስሜን መጻፍ ቻልኩ ብዬ ወረቀት ይዤ ጓሮ ክፍልዎ የመጣሁ ቀን፣ እያንዳንዷ ፊደል መሐሏ ላይ ሰረዝ ነበራት። እርስዎ የሚጥሏቸው ወረቀቶች ላይ ቃሉ ሁሉ የተሰረዘ ስለነበር፣ ሰረዙ የፊደሉ አካል መስሎኝ ነበር። አልጋው ላይ ተንፈራፍረው ሳቁ። ከዚያ ድንገት ሳቅዎ ቆመና "ስህተቴን ሁሉ ነው እንዴ የተማርሽው?" አሉኝ። በማግሥቱ ንጹሕ ወረቀት ገዝተው ሰጡኝ። ንጹሑ ወረቀት የት እንደገባ አላውቅም። የተሰረዙት ዛሬም አሉኝ። ማንበብ የተማርኩት በእነሱ ነው፤ ስለዚህ የእርስዎን መስመር የማቃና እጅ የለኝም።

ብፈታውም አይጠቅምዎትም። የመርፌው ቀዳዳ እዚያው ይቀራል፤ ከኋላው መብራት ሲያገኘው ጥርሶቹ በብርሃን ተሥለው ይታያሉ። ለስላሳ ከፈለጉ ከፎቶው ሌላ እጠልፍልዎታለሁ፤ ለሰኔ ግን አይደርስም። ይህንን መልሼ ልኬዋለሁ። የነካሁት አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዘጠነኛው ዙር ላይ አንድ ጥርስ ዘልዬ ነበር፣ እሷን ጨመርኳት።

መቀስ እርስዎም ቤት አለ። ልፍታው ካሉ ይፍቱት። እኔን ግን አይላኩኝ።

ሐኪም ምን አለ? ይህንን በእጅዎ ይጻፉልኝ። ባይነበብ እንኳ አነበዋለሁ።

ለቃሚዎ


ሰኔ 29

ውድ ለቃሚዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። መጀመሪያ ላይ የሰረዝኩትን እንዳለ ተዪው። ገልብጬ ልጽፈው አስቤ ነበር፤ ይህን ገጽ ብቻ ለመጨረስ ሦስት ቀን ፈጅቶብኛልና ተውኩት።

ሐኪም ዘንድ የሄድኩት የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። የበሽታውን ስም ነገረኝ፤ የሚያዘገየው እንጂ የሚያድነው መድኃኒት እንደሌለም ነገረኝ። ሥራዬ መስታወቶችን በትንንሽ ብሎን እያስተካከሉ ብርሃንን በቀጭን መንገድ መምራት ነበር፤ ከእኔ የተሻለ እጅ አልነበረም። አንድ ቀን ብሎኑን ሳዞር መስታወቱ ከእጄ ወጣና ተሰበረ። "አዳለጠኝ" አልኳቸው። በማግሥቱ የጡረታ ማመልከቻ አስገባሁ። ማንም ምንም ሳይለኝ ልውጣ ብዬ ነው። ቆርቆሮውን የወደድኩትም እጅ ስለማይፈልግ ነበር፤ ይህን ለራሴም አልነገርኩትም።

ጥልፍሽ የካቲት ላይ ሲደርሰኝ ወንበር ላይ ዘርግቼው አንድ ቀን ሙሉ ተቀመጥኩ። ሾፌሩ መጥቶ አየው። "ቆንጆ ነው" አለ፤ ቀጥሎ እጄን አየ፤ ቀጥሎ ሻይ ላፍላ ብሎ ተነሳ። ደብዳቤ ልጽፍልሽ ያልቻልኩት ለዚያ ነው።

ግንቦት ላይ ሳትፈቺው ሲመለስ መቀስ አነሳሁ። ይህንንም አልደብቅሽም። ግን ከመቁረጤ በፊት፣ እንደ ልማዴ፣ ለካሁት። እያንዳንዷ ስፌትሽ ሁለት ሚሊሜትር ናት፤ ሃያ ሰባት ዙር ሙሉ አንዷም አታንስም፣ አትበልጥም። እኛ መሥሪያ ቤት እንዲህ የታመነ መሣሪያ አልነበረም። በስፌትሽ ቆጥሬ እጄ በየስንት ርቀቱ እንደሚርገበገብ፣ ከውጭኛው ዙር ወደ ውስጠኛው ስሄድ ሲደክመኝ እንዴት እንደሚያድግ ጻፍኩት። ሁለት ዓመት ሙሉ ላየው የፈራሁትን በአንድ ከሰዓት በኋላ ለክቼ ጨረስኩ። ወረቀቱን ሾፌሩ ሐኪሙ ዘንድ ወሰደልኝ፤ ማለቴ እኔንም ጨምሮ። "ተሳፋሪ ወንበርህን ያዝ" እያለ ነው የወሰደኝ። ሐኪሙ መድኃኒቱን ቀየረልኝ።

ሰኔ 20 ተሰቀለ። መሐል ላይ። ሠላሳ የሚሆን ሰው መጣ። የቀድሞ አለቃዬ፣ ያ ዓይኑ የማይምር፣ ጥልፍሽ ፊት ቆሞ መስመሩን ሳይነካ በጣቱ ተከተለው። ከዚያ ጮክ ብሎ ጠራኝ።

"ቆርቆሮህ ይህን ሊሠራ አይችልም" አለኝ። "ሞላላውን ስበት ሠራው። ማነሱን አየር ሠራው። ይህቺን ትንሿን ሞገድ የሠራው የትኛው ኃይል ነው?"

ሰዉ ሁሉ ዞረ። መልስ አዘጋጅቼ ነበር፤ ከቤቴ አጠገብ መኪና ሲያልፍ ወለሉ ይነዝራል ልል ነበር። ሾፌሩ አጠገቤ ቆሞ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

"እኔ ነኝ" አልኩት። "እጄ ነው።" አውጥቼም አሳየሁት።

አለቃዬ የቅርቡን መነፅር ከኪሱ አወጣና ከመጀመሪያው ዙር ጀምሮ እንደገና ተከተለው፤ እስከ መጨረሻው፤ ረጅም ጊዜ። ስንወጣ ኮቴን እሱ ያዘልኝ፤ እጅጌውን እስካገኝ ጠበቀኝ።

ትናንት አዲስ ወረቀት ዘረጋሁ። ሾፌሩ ክብሪቱን ይዞ ቀረበ። "መልሰው" አልኩት። ቆርቆሮውን በእጄ ይዤ፣ በእጄ ለቀቅኩት። ሞላላዎቹ ወደ አንድ ጎን ዘመዋል፤ የመጀመሪያዋ ላይ እብጠት አለች። ስሱ ላይ ገልብጬ ልኬልሻለሁ። ስትችዪ፣ ምሳ ሰዓትሽን ሁሉ ሳትጨርሺበት፣ ጥለፊልኝ።

ጋሼሽ


ነሐሴ 2

የተከበሩ ጋሼ፣

ደብዳቤዎ በእጅዎ ተጽፎ ደረሰኝ፤ ለዚህ እጅ ዕድሜ ይስጥልኝ። አራት ጊዜ አነበብኩት። አንደኛውን ጊዜ ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ነው።

የሰረዟትንም አነበብኳት። "እኔ ደኅና ነኝ" ትላለች። በየደብዳቤዎ መጀመሪያ ላይ ትኖር ነበር፤ አሁን ቆጠርኳቸው። ይህችኛዋን ከሁሉም ለይቼ አስቀምጫታለሁ።

አዲሱን ስስ ወረቀት ዛሬ መብሳት ጀመርኩ። አለቃችን መጥታ በትከሻዬ ላይ ጎንበስ አለች።

"ይሄ ደግሞ ምን ነካው? ያኛው ይሻል ነበር። ይሄማ ዘመመ።"

"ያኛውን የለቀቀው እሳት ነው፣ እትዬ" አልኳት። "ይሄን የለቀቀው ሰው ነው።"

ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች፤ መርፌውን ከእጄ ወሰደች፤ ወደ መስኮቱ አዙራ ክሩን አስገባችና መልሳ ሰጠችኝ።

ለቃሚዎ